ምስጢሩን ጠብቆ ማስጠንቀቂያውን ማድረስ፦ በፌዴራል፣ በግዛትና በካውንቲ መካከል ምስጢራዊ መረጃን የማካፈል ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2016 የበጋ ወራት የኢሊኖይ ግዛት የመራጮች መዝገብ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተደፈረ። በኦገስት ወር ኤፍ ቢ አይ ከጥቃቱ ጋር የተያያዙ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ዘርዝሮ ለግዛቶች ማስጠንቀቂያ አሠራጨ፤ ማስጠንቀቂያው ግን ከድርጊቱ ጀርባ የውጭ መንግሥት እጅ ሊኖር እንደሚችል አይናገርም ነበር። የአሜሪካ ሴኔት የስለላ ጉዳዮች ኮሚቴ በ2019 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በዚያ ወቅት የተላኩት ማስጠንቀቂያዎች በቂ መረጃ አልያዙም፣ ለሚመለከታቸው ሰዎችም አልደረሱም፤ ግዛቶቹ የሳይበር ስጋት መኖሩን ቢረዱም የስጋቱን ስፋትና ክብደት አልተገነዘቡም። ሩሲያ የምርጫ ሥርዓታቸውን ዒላማ እንዳደረገች መጀመሪያ ከመገናኛ ብዙኃን የሰሙ የግዛት ኃላፊዎች ነበሩ። የሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር ዒላማ የሆኑትን 21 ግዛቶች ያሳወቀው ምርጫው ካለፈ ከአሥር ወራት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2017 ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጁን 2017፣ በአካባቢ ምርጫ ኃላፊዎች ላይ ስለተሞከረው የኢሜይል ማጥመድ የሚያትት የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ እጅግ ጥብቅ ምስጢር ሰነድ በአንዲት የኮንትራት ሠራተኛ እጅ አፈትልኮ ለዜና በቅቷል። በውጤቱ ምስጢሩም አልተጠበቀም፣ ማስጠንቀቂያውም በወቅቱ አልደረሰም።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ «እንስጥ ወይስ እንከልክል?» ተብሎ ይቀርባል፤ እንዲህ ሲቀርብ መልሱ ምንጊዜም አንዱን ወገን ይጎዳል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው። በአብዛኛው ምስጢሩ ያለው መረጃው በተገኘበት መንገድ ላይ ነው፤ የካውንቲው ኃላፊ የሚፈልገው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበትና ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማወቅን ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሰነዱ አልቆ ከታሸገ በኋላ ሳይሆን ገና ሲጻፍ ነው።

መመሪያው የሚከተለው የአሜሪካን ሕግ ነው። ዋናዎቹ መሠረቶች በዲሴምበር 2009 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ቁጥር 13526፣ በኦገስት 2010 ለግዛቶች፣ ለአካባቢ አስተዳደሮች፣ ለነባር ሕዝቦች አስተዳደሮችና ለግሉ ዘርፍ የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 13549፣ እንዲሁም የ2002 የሀገር ውስጥ ደህንነት ሕግ ናቸው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ በግዛትና በካውንቲ መሥሪያ ቤቶች ለሚሠሩ አማርኛ አንባቢዎች በቀጥታ ይጠቅማል፤ በሌላ ፌዴራላዊ አወቃቀር ውስጥ ለሚሠራ አንባቢም የአሠራሩን ውስጣዊ ሎጂክ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመረጃው በፊት ተቀባዩን መለየት

አዘጋጁ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እርምጃ ሊወስድ የሚችለው የትኛው ባለሥልጣን ነው? እርምጃው ምንድን ነው? እስከ መቼ ካልተወሰደ ዋጋ ያጣል? በአሜሪካ ምርጫን የሚያስተዳድሩት ግዛቶችና በሺዎች የሚቆጠሩ የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው፤ ፌዴራል መንግሥቱ የአንድን ካውንቲ የመራጮች መዝገብ ከኔትወርክ የማላቀቅ ሥልጣን የለውም። ስለዚህ መረጃው ዋሽንግተን ውስጥ ምን ያህል በጥንቃቄ ቢተነተን፣ ሥልጣኑ ካለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ የተሠራ ሥራ የለም።

በ2016 ከተፈጸሙት ስሕተቶች አንዱ ማስጠንቀቂያዎቹ በአብዛኛው ወደ ቴክኒክ ክፍሎች መሄዳቸው ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያው አድራሻዎቹን ሊዘጋ ይችላል፤ በጀት የማዘዋወር፣ ካውንቲዎችን የመጥራት፣ ወይም ለሕዝብ የመግለጽ ውሳኔ ግን የግዛቱ ዋና የምርጫ ኃላፊ ነው። በተቃራኒው ለኃላፊው ብቻ ተልኮ ባለሙያው ሳያውቀው የቀረ መረጃም እንዲሁ ይባክናል። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ግዛት ቢያንስ ሁለት ተቀባዮችን፣ አንድ ወሳኝና አንድ ፈጻሚ፣ ከነተጠባባቂዎቻቸው አስቀድሞ መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ዝርዝር አሰልቺ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል፤ በተግባር ግን ከብዙዎቹ የምስጢር ደንቦች ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው እርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ምስጢሩ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እንዳለ ለይቶ ማወቅ

ትዕዛዝ 13526 ሦስት ደረጃዎችን ያስቀምጣል። መረጃው ያለፈቃድ ቢወጣ በብሔራዊ ደህንነት ላይ እጅግ ከባድ ጉዳት ያስከትላል ተብሎ የሚጠበቅ ከሆነ እጅግ ጥብቅ ምስጢር፣ ከባድ ጉዳት ከሆነ ጥብቅ ምስጢር፣ ጉዳት ከሆነ ደግሞ ምስጢር ይባላል። መዳቢው ባለሥልጣን ጉዳቱን ለይቶ መግለጽ መቻል አለበት። መመደቡ አስፈላጊ ስለመሆኑ ጉልህ ጥርጣሬ ካለ መረጃው አይመደብም፤ የደረጃው ከፍታ ካጠራጠረ ደግሞ ዝቅተኛው ይያዛል። ሕግ መጣስን፣ የአሠራር ድክመትን ወይም ስሕተትን ለመሸፈን፣ አንድን መሥሪያ ቤት ከኀፍረት ለማዳን ሲባል መመደብም በግልጽ የተከለከለ ነው።

ትዕዛዙ እያንዳንዱ ክፍል፣ ማለትም እያንዳንዱ አንቀጽ፣ ርእስና ሠንጠረዥ፣ የራሱን የምስጢር ደረጃ ምልክት እንዲይዝ ያዝዛል። ይህን ግዴታ እንደ ማኅተም የሚያዩት አዘጋጆች አንድ አንቀጽ ውስጥ ምንጩን፣ ድርጊቱንና ምክሩን አጣምረው ይጽፉና አንቀጹ በሙሉ በከፍተኛው ደረጃ ይታሰራል። መፍትሔው አጻጻፉን መቀየር ነው፦ እንዴት እንደታወቀ በአንድ አንቀጽ፣ ምን እንደታወቀ በሌላ፣ ምን መደረግ እንዳለበት በሦስተኛ። እንዲህ ከተጻፈ ሦስተኛው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ከምስጢር ውጭ ሆኖ ይገኛል፤ ሁለተኛውም በጥቂት ማስተካከያ ሊወርድ ይችላል። ትዕዛዙ ራሱ ይህን ይደግፋል፤ ምስጢሩ የሰነዱ ትንሽ ክፍል ብቻ ከሆነ በተቻለ መጠን በተለየ አባሪ እንዲቀመጥ፣ ወይም ሰነዱ በሚቻለው ዝቅተኛ ደረጃ እንዲዘጋጅ ይጠይቃል።

ደረጃ 3፦ ከመቁረጫው መስመር በታች ያለውን ጽሑፍ ማዘጋጀት

የሙያው ሰዎች «ቴር ላይን» የሚሉት አሠራር የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጎ መቆየት ተገቢ ነው። አንድ ሪፖርት በመስመር ለሁለት ይከፈላል። ከመስመሩ በላይ ያለው ሙሉው ምስጢራዊ ትንታኔ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ምንጭንና ዘዴን ሳይገልጥ ምስጢር ለማየት ዝቅተኛ ፈቃድ ላለው ወይም ፈቃድ ለሌለው ተቀባይ ሊሰጥ የሚችል ጽሑፍ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት የተፈጠረ ናሙና እንውሰድ። ከመስመሩ በላይ እንዲህ ተጽፏል እንበል፦ «በአንድ የውጭ ሀገር የስለላ ክፍል ውስጥ የተደረገ የውስጥ ልውውጥ እንደሚያመለክተው፣ ክፍሉ የምርጫ ሶፍትዌር አቅራቢ በመምሰል ለካውንቲ ምርጫ ኃላፊዎች ተንኮል ያለበት አባሪ የያዘ ኢሜይል ለመላክ ረቡዕ ዕለት ወስኗል።» ከመስመሩ በታች የሚወርደው ጽሑፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በውጭ መንግሥት የሚደገፉ አካላት የምርጫ ሶፍትዌር አቅራቢ በመምሰል ለካውንቲ ምርጫ ኃላፊዎች ተንኮል ያለበት አባሪ የያዘ ኢሜይል እንደሚልኩ ይጠበቃል። በዚህ ግምገማ ላይ ያለን እምነት ከፍተኛ ነው። ጉዳዩ ከተለመደው የኢሜይል ማጭበርበር የተለየ ስለሆነ በዋናው የምርጫ ኃላፊ ደረጃ መታየት አለበት። ከአቅራቢ የመጣ የሚመስል አባሪ ከመከፈቱ በፊት አስቀድሞ በሚታወቅ የስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥ፣ የመጡትንም ሳይሰርዙ ማስቀመጥና ሪፖርት ማድረግ ያስፈልጋል።»

ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የጠፉትን ነገሮች ልብ ማለት ይጠቅማል። «የውስጥ ልውውጥ» የሚለው ዘዴውን ያጋልጣል። «ረቡዕ ዕለት ወስኗል» የሚለው ደግሞ በበለጠ አደገኛ ነው፤ ውሳኔው በዚያ ቀን መደረጉን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ዓረፍተ ነገሩን ያነበበ ተቃራኒ ወገን መረጃው ከየትኛው ክፍል እንደወጣ በቀላሉ ያጠባል። በአጠቃላይ ምንጭን የሚያጋልጡ ሦስት ምልክቶች አሉ፦ ቃል በቃል የተጠቀሰ ንግግር፣ የማወቂያው ትክክለኛ ጊዜ፣ እና ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ዝርዝር። አዘጋጁ ከመስመሩ በታች ያለውን ጽሑፍ በባላጋራው ዓይን አንብቦ «ይህን ማን ሊነግራቸው ይችላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ ወደ አንድ ሰው ወይም ወደ አንድ መሣሪያ የሚያመራ ከሆነ ጽሑፉ ገና አልተጣራም።

አሁን ወደ ሌላው ጽንፍ እንሂድ፤ የ2016ቱ ውድቀት በአብዛኛው የተፈጠረው በዚህ በኩል ነውና። ምንጩ ሲወጣ ክብደቱም አብሮ ወጣ። የኢንተርኔት አድራሻዎች ዝርዝር ብቻውን ለአንድ የግዛት ባለሙያ ምንም አይነግረውም፤ እንዲህ ያለ ዝርዝር ዘወትር ይደርሰዋል። ስለዚህ ከመስመሩ በታች ያለው ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን በምንም ምክንያት መጣል የለበትም፦ አድራጊው ምን ዓይነት አካል እንደሆነ (ስሙን መጥቀስ ባይቻልም በመንግሥት የሚደገፍ ይሁን ተራ ወንጀለኛ)፣ በግምገማው ላይ ያለውን የእምነት ደረጃ፣ እና የሚጠበቀውን እርምጃ ከነቀነ ገደቡ። የአድራጊውን ማንነት በጥቅሉ እንኳ መግለጽ ካልተቻለ፣ ይህን ያህል አሳሳቢ የሆነበትን ምክንያት በቃል ለማስረዳት የሚችል ባለሥልጣን ስምና የመገናኛ መንገድ መካተት አለበት።

ሌላው ጠቃሚ ዘዴ ያንኑ እውነታ ከምስጢር ውጭ በሆነ መንገድ ማግኘት ነው። የተጠቂው መሥሪያ ቤት የራሱ የኮምፒዩተር መዝገብ ወይም የሳይበር ደህንነት ኩባንያዎች በይፋ ያወጡት ትንታኔ ተመሳሳዩን ነገር የሚያሳይ ከሆነ፣ ጽሑፉ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ምስጢሩን በተዘዋዋሪ ማረጋገጥ እንዳይሆን ከአመንጪው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ምስጢሩን መጀመሪያ ካዘጋጀው መሥሪያ ቤት፣ ጋር ተነጋግሮ የሚደረግ ነው። ሐሰተኛ ምንጭ ፈጥሮ መጻፍ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ግዛቱ አንድ ጊዜ ከተታለለ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ አያምንም።

ደረጃ 4፦ የአመንጪውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት

ከትዕዛዝ 13526 በፊት በነበረው አሠራር አንድ መሥሪያ ቤት ከሌላው የተቀበለውን ምስጢር ለሦስተኛ ወገን ለማስተላለፍ የአመንጪውን ስምምነት መጠየቅ ነበረበት። አሁን ነባሪው ተገልብጧል፦ ትዕዛዙ ተግባራዊ ከሆነበት ከጁን 2010 ወዲህ የተዘጋጀ ምስጢራዊ ሰነድ፣ አመንጪው በምልክት ካልከለከለ በቀር፣ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሌላ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ወይም የአሜሪካ አካል ሊተላለፍ ይችላል። ከእነዚህ አካላት መካከል የግዛትና የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ፖሊስና እሳት አደጋ፣ የሕዝብ ጤና ተቋማትና «ፊውዥን ሴንተር» የሚባሉት የግዛት የመረጃ ማዕከላት ይገኙበታል። ብዙ ሠራተኞች ዛሬም በአሮጌው ልማድ እንደሚመሩ ማየት ያሳዝናል።

የአመንጪው ቁጥጥር ምልክት ሲኖር ግን ምልክቱ ይከበራል። ጥያቄው ሪፖርቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ረቂቁ ላይ እያለ ቢቀርብ ይሻላል፤ ጥያቄውም «ሰነዱን ልንሰጥ እንችላለን?» ከሚሆን ይልቅ «ከመስመሩ በታች ያሉትን እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ለእነዚህ ተቀባዮች እስከዚህ ቀን መስጠት እንፈልጋለን» ቢሆን መልሱ ይፈጥናል።

ደረጃ 5፦ የምስጢር ፈቃድን በልኩ መጠቀም

አንድ ሰው ምስጢር ለማየት ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት፦ ብቁ ነው የሚል ውሳኔ፣ የፈረመው የምስጢር ጠባቂነት ውል፣ እና ያንን የተለየ መረጃ ለሥራው ማወቅ የሚያስፈልገው መሆኑ። በትዕዛዝ 13549 መሠረት የግዛትና የአካባቢ ሠራተኞች ፈቃድ በመደበኛው ከጥብቅ ምስጢር ደረጃ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው በተናጠል ታይቶ ነው። አንድ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሰጠውን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል ትዕዛዙ ያዝዛል። የግዛት ገዢ ያለ ቅድመ ምርመራ ምስጢር ሊያይ ይችላል፤ ይህን መብቱን ግን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው፤ ገዢው ያየውን የገዢው የካቢኔ ኃላፊ በዚያው ምክንያት ሊያየው አይችልም።

ከ2016 በኋላ የሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር በየግዛቱ እስከ ሦስት የምርጫ ኃላፊዎች ፈቃድ እንዲያገኙ ድጋፍ ማድረግ ጀመረ። ምርመራው ጊዜ ስለሚወስድ በፌብሩዋሪ 2018 ዋሽንግተን ላይ ለተሰበሰቡት የግዛት የምርጫ ኃላፊዎች ምስጢራዊ ገለጻ ሲሰጥ፣ ፈቃዳቸው ላላለቀው የአንድ ቀን ጊዜያዊ ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል። ይህ መንገድ እንዳለ ማወቅ ለአዘጋጁ ጠቃሚ ነው፤ ለአንድ ጉዳይ ሲባል ብቻ ብዙ ሰዎችን ለዓመታት ፈቃድ ከማስያዝ ይልቅ የተወሰነ ገለጻን ለተወሰነ ቀን መስጠት ሊበቃ ይችላል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ አንባቢዎችን የሚመለከት ጉዳይ አለ። ለፈቃድ የሚያመለክት የግዛት ወይም የካውንቲ ሠራተኛ በውጭ ሀገር ያሉ የቅርብ ዘመዶቹንና ግንኙነቶቹን በማመልከቻው ቅጽ ላይ መግለጽ አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ወላጅ ወይም ወንድም መኖሩ ብቻውን አመልካቹን አያስወድቅም፤ መርማሪዎቹ የሚመዝኑት ግንኙነቱ አመልካቹን ለጫና የሚያጋልጥ መሆን አለመሆኑን ነው። የሚጎዳው መደበቁ ነው። ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብም በቅጹ ከተጠየቀ ሳያቅማሙ መጻፍ ይገባል።

ፈቃድ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ፈቃድ ያለው የካውንቲ ኃላፊ ምስጢሩን የሚያነብበት የተፈቀደ ክፍልና መሥመር ከሌለው ፈቃዱ ወረቀት ነው። በግዛትና በአካባቢ አካላት እጅ የሚቀመጥ ምስጢር፣ ቦታው በፌዴራል መሥሪያ ቤት የሙሉ ጊዜ አስተዳደርና ቁጥጥር ሥር ካልሆነ በቀር፣ ከጥብቅ ምስጢር ደረጃ መብለጥ የለበትም። ከፊውዥን ሴንተሮች ትልልቅ ጥቅሞች አንዱ በብዙዎቹ ውስጥ የሀገር ውስጥ ደህንነት ሚኒስቴር የጥብቅ ምስጢር ኔትወርክ መኖሩ ነው። ከማዕከሉ በመኪና ሦስት ሰዓት ርቀት ላይ ላለ ካውንቲ ግን ይህ ብዙም አይረዳም፤ ለእርሱ ከመቁረጫው መስመር በታች ያለው ጽሑፍ ብቸኛው ተስፋ ነው።

ደረጃ 6፦ በመረጃው ምን ማድረግ እንደሚቻል በጽሑፍ መግለጽ

ምስጢር ተነግሮት ምንም ማድረግ የማይችል ባለሥልጣን ካልተነገረው ባለሥልጣን በምን ይሻላል? ሩሲያ በ2016ቱ ምርጫ ያደረገችውን ጣልቃ ገብነት የመረመረው ልዩ መርማሪ በኤፕሪል 2019 ይፋ የሆነው ሪፖርት በፍሎሪዳ ቢያንስ የአንድ ካውንቲ ኔትወርክ ሳይደፈር እንዳልቀረ ገለጸ። የግዛቱ ገዢ በሜይ 2019 ከኤፍ ቢ አይ ገለጻ ከተሰጣቸው በኋላ የተጎዱት ካውንቲዎች ሁለት መሆናቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ የምስጢር ጠባቂነት ውል ስለፈረሙ ግን ስማቸውን መግለጽ አልቻሉም። ጥቃቱ በደረሰ ጊዜ ኤፍ ቢ አይ ያነጋገረው ተጠቂ አድርጎ የቆጠራቸውን ካውንቲዎች ነበር፤ ለምርጫው በሕግ የሚጠየቀው ግዛት አልተነገረውም። ኤፍ ቢ አይ ይህን አሠራር በጃንዋሪ 2020 ቀይሮ የአካባቢው አስተዳደር ሲደፈር ለግዛቱ ዋና የምርጫ ኃላፊም እንደሚያሳውቅ አስታወቀ።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ገለጻ መጨረሻ ላይ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ የአጠቃቀም ማስታወሻ መኖር አለበት። ተቀባዩ መረጃውን ለማን መንገር ይችላል? ለበታች ሠራተኞቹ በምን ቃል ትዕዛዝ ሊሰጥ ይችላል? ጋዜጠኛ ቢጠይቀው ምን ይላል? ለምሳሌ አንድ ኃላፊ ምክንያቱን ሳይገልጽ «ከነገ ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ይቀይር፣ የአቅራቢ አባሪ አይከፈት» ብሎ እንዲያዝዝ በግልጽ የተፈቀደለት ከሆነ ምስጢሩ ሳይነካ ሥራው ይሠራል። ይህ ማስታወሻ በሌለበት ጠንቃቃ ሰው ዝም ይላል፤ ደፋሩ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይናገራል።

የግዛቶች የሕዝብ ሰነዶች ሕግ በዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት ይፈጥራል። ይሁንና የ2002ቱ የሀገር ውስጥ ደህንነት ሕግ፣ በዚያ ሕግ አሠራር መሠረት ግዛት ከፌዴራል መሥሪያ ቤት የተቀበለው መረጃ በፌዴራሉ ቁጥጥር ሥር እንደሚቆይና የግዛት የመግለጽ ግዴታ እንደማይመለከተው ይደነግጋል። የግዛቱ የሕግ ክፍል ይህን ድንጋጌ አስቀድሞ እንዲያውቀው ማድረግ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ለአስቸኳይ ጊዜ መንገዱን ከወዲሁ ማዘጋጀት

በሰው ሕይወት ላይ የተቃጣ ቅርብ አደጋ ሲኖር ወይም ለሀገር መከላከል ሲያስፈልግ፣ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ወይም የወከለው ሰው ፈቃድ ለሌለው ግለሰብ ምስጢር እንዲነገር ሊፈቅድ ይችላል። የሚነገረው መጠን አነስተኛ፣ የሚሰሙትም ሰዎች ጥቂት መሆን አለባቸው፤ መነገሩም የመረጃውን ምስጢርነት አያነሣም። በሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ግን ውክልናው የማን እንደሆነ የሚፈለግ ከሆነ ድንጋጌው ከመጽሐፍ አይወጣም። የተወካዩ ስምና ስልክ በየፈረቃው ጠረጴዛ ላይ መኖር ይኖርበታል።

ደረጃ 8፦ ከታች ወደ ላይ የሚሄደውን መረጃም በሥርዓት መያዝ

ማካፈል ሲባል ሁልጊዜ ከዋሽንግተን ወደ ታች ይመስላል። በኤፕሪል 1 ቀን 2001 የኦክላሆማ ግዛት ፖሊስ ኋላ ከሴፕቴምበር 11 አውሮፕላን ጠላፊዎች አንዱ የሆነውን ናዋፍ አልሐዝሚን በፍጥነት ስለነዳ አስቁሞ ቀጥቶታል። ሲ አይ ኤ ሰውዬው ወደ አሜሪካ መግባቱን ከ2000 መጀመሪያ ወራት ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ስሙ በክትትል ዝርዝር ውስጥ የገባው ግን በኦገስት 2001፣ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ስሙ ቀደም ብሎ በዝርዝሩ ቢገባ ኖሮ፣ ወደ ላይ መሄድ የነበረበት የፖሊሱ የመንገድ ዳር ምልከታ ዋጋ በኖረው ነበር።

በዚህ አቅጣጫ ሚዛኑ የሚጠበቀው ከስለላ ምንጭ አንጻር ብቻ አይደለም፤ የዜጎች መብትም አለበት። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ የወንጀል መረጃ ሥርዓቶች ስለ አንድ ሰው መረጃ የሚይዙት በወንጀል ተግባር መሳተፉን የሚያሳይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሲኖር ነው፤ የተያዘውም መረጃ ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ተገምግሞ ካልጸና ይሰረዛል። የሴኔት የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ በ2012 ፊውዥን ሴንተሮችን አስመልክቶ ባወጣው ሪፖርት ከማዕከላቱ የመጡ ሪፖርቶች ጥራት ያልተስተካከለ እንደሆነ፣ አንዳንዶቹም የዜጎችን ነፃነት የሚነኩ እንደነበሩ ተችቷል። ብዙ መላክ ማካፈል ማለት አይደለም። የአካባቢው ሠራተኛ ያየውን ድርጊት እንጂ የሰውን ሃይማኖት፣ ትውልድ ወይም የፖለቲካ አቋም ለጥርጣሬ ምክንያት አድርጎ መጻፍ የለበትም።

ደረጃ 9፦ መረጃ ሲያፈተልክ በሩን ሁሉ አለመዝጋት

በ2010 ያፈተለኩ ሰነዶችን በሚያትመው ዊኪሊክስ ድረ ገጽ የወጡት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች መረጃን በሰፊው ማካፈል ያለ ቁጥጥር ምን እንደሚያስከትል አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው ትዕዛዝ 13587 በምስጢራዊ ኔትወርኮች ላይ ክትትል እንዲጠናከርና የውስጥ አዋቂ ስጋትን የሚከላከል መርሐ ግብር እንዲቋቋም አዘዘ። በ2023 ደግሞ በማሳቹሴትስ የአየር ብሔራዊ ዘብ የሚያገለግል ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያ እጅግ ጥብቅ ምስጢር ሰነዶችን ዲስኮርድ በተባለ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ማሠራጨቱ ተደርሶበት በሚቀጥለው ዓመት 15 ዓመት ተፈርዶበታል።

ከእነዚህ ጉዳዮች የሚወሰደው ትምህርት በአግባቡ መነበብ አለበት። ሁለቱም ያፈተለኩት ለካውንቲ ምርጫ ኃላፊ ወይም ለከተማ ፖሊስ አዛዥ በተላከ አጭር ማስጠንቀቂያ በኩል አልነበረም፤ ብዙ ሰነድ የያዘን ሥርዓት ለሥራቸው ከሚያስፈልገው በላይ ከፍተው ማየት በሚችሉ ሰዎች በኩል ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው ምላሽ እያንዳንዱ ሰው የሚያየውን በሥራው ልክ መወሰን፣ ማን ምን እንደከፈተ መመዝገብ፣ መዝገቡንም ማንበብ ነው። ለግዛቶች የሚላከውን ማስጠንቀቂያ መቀነስ ችግሩን ሳይነካ ጉዳቱን ይጨምራል።

ደረጃ 10፦ ተቀባዩ እንዲመልስ ማድረግና ዝርዝሩን ማደስ

ከላኩ በኋላ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተቀባዩ መረጃውን መቼ አነበበው? ምን አደረገበት? የጎደለውስ ምን ነበር? መልሶቹ ተሰብስበው ከመስመሩ በታች ጽሑፍ ወደሚያዘጋጁት ሰዎች ካልተመለሱ የሚቀጥለው ማስጠንቀቂያ እንዳለፈው ይሆናል። መረጃው ያለአግባብ ተመድቧል ብሎ በቅን ልቦና የሚያምን ፈቃድ ያለው ባለመብት ምደባውን እንዲሞግት ትዕዛዝ 13526 የሚያበረታታው ሲሆን፣ በመሞገቱ እንዳይቀጣም ይከላከልለታል። የግዛት ተቀባዮች ይህ መንገድ እንዳለ ሊነገራቸው ይገባል፤ ሙግቱ የሚቀርብበት ጽሕፈት ቤት አድራሻም በገለጻው ወረቀት ላይ ቢጻፍ መልካም ነው።

በብዙ ግዛቶች ዋናው የምርጫ ኃላፊ ራሱ በምርጫ የሚመጣ ነው። ሥልጣኑ ሲያበቃ ለሥራው የተሰጠው ፈቃድ አብሮት አይቀጥልም፤ የመሰናበቻ ማሳሰቢያ ተሰጥቶት የምስጢር ጠባቂነት ግዴታው ከሥራ በኋላም እንደሚጸና ይነገረዋል። የተተኪው ማመልከቻ እስኪያልቅ ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ከእያንዳንዱ ምርጫ ማግስት ጀምሮ የተቀባዮችን ዝርዝር ከፍቶ የወጡትን መሰረዝ፣ የአዲሶቹን ማመልከቻ ማስጀመር፣ በመካከሉ ላለው ጊዜም መረጃውን የሚቀበለውን ፈቃድ ያለው ምክትል በስም መወሰን ያስፈልጋል።